ሁለት ምድር በአንድ ሣጥን

ወላይታ ሶዶ የታላላቅ የኤሌክትሪክ መስመሮች መገናኛ ናት። 1,870 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው ጊቤ ሦስት ግድብ ጋር በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ትገናኛለች። ከከተማዋ አጠገብ ያለው መለወጫ ጣቢያ ደግሞ ኤሲውን ወደ ዲሲ ቀይሮ በ500 ኪሎ ቮልት፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አሻግሮ፣ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ከሚባለው ጣቢያ ያደርሰዋል። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም የተሠራ ሲሆን ኃይል መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነው። ጣቢያው አጥር፣ ዘብና የራስ ቅል የተሣለበት ማስጠንቀቂያ አለው፤ ያለ ሥራው የሚጠጋው የለም።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ከዚያ ጣቢያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከተማው መሀል፣ በአንድ ቢሮ ጥግ የተቀመጠውን ትንሽ ሣጥን ነው። ውፍረቱ ከመዝገብ አይበልጥም፤ አራት አምስት አረንጓዴ መብራት ያርገበግባል፤ ዙሪያውን አቧራና የተጠላለፈ ሽቦ ከቦታል፤ አንዳንዴም የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበታል። ማንም አይፈራውም። ማስጠንቀቂያውን የያዘው ቀጭን መጽሐፍም ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ ቀርቷል።

ባለሙያዎች ቤዝባንድ ሞደም ይሉታል፤ ለተጠቃሚው ግን ያው «ሞደም» ነው። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። የመጀመሪያዎቹ ሞደሞች መረጃውን በሌላ ሞገድ ጀርባ ጭነው ይልኩት፣ ማዶ ሲደርስም ያራግፉት ነበር። ቤዝባንዱ በቅሎ የለውም። ዜሮና አንዱን የቮልት ከፍታና ዝቅታ አድርጎ በቀጥታ ሽቦው ላይ ያወጣዋል፤ መልእክተኛው በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ ሩቅ አይደርስም፣ ሽቦውም ለእሱ ብቻ የተለቀቀ መሆን አለበት። ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት «የኪራይ መስመር» ሲል የሚከራየው ይህንኑ ነው፦ ከቴሌ ጣቢያ እስከ ግቢው የሚዘልቅ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ መዳብ፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሣጥን። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.991.2 በሚል ያወጣው መስፈርት በአንድ ጥንድ ሽቦ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል 2.3 ሜጋ ቢት በሰከንድ አስገኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ማሻሻያ 5.7 ገደማ አደረሰው። ዛሬ የኪስ ስልክ ከዚህ በላይ ይፈጥናል። ያም ሆኖ ለአንድ የገንዘብ መክፈያ ማሽንና ለአምስት የሒሳብ መስኮት 2 ሜጋ ቢት ብዙ ነው፤ ሣጥኑም ከነ«ከፍተኛ ፍጥነት» ማዕረጉ በሥራ ላይ ቆይቷል።

ኢትዮጵያ ከመዳብ ሽቦ ጋር ያላት ታሪክ ረጅም ነው። ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የስልክ መስመር መዘርጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ምኒልክ ንጉሡን ካዎ ጦናን ለማስገበር ወላይታ የዘመቱትም በዚያው ዓመት ነው። ኢንተርኔት ወደ አገሪቱ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ማያያዝ ያዘ፣ ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን በአንድ ሒሳብ ሰበሰቡ፣ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ተከፈተ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ክልሉ ቢሮዎቹን በተለያዩ ከተሞች የበተነ በመሆኑ በሶዶና በሌሎቹ መካከል ያለው መስመር ሲቋረጥ ደብዳቤው መኪና ላይ ይወጣል። ሣጥኑ የቆመበት ጥግ እንዲህ ያለ ሥራ ተሸክሟል።

አደጋው የት ላይ ነው ቢባል፣ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ግድግዳው ሶኬት ነው። አልተሳሳተም፣ 220 ቮልት ይገድላል። ነገር ግን ሞደም ከማቀዝቀዣ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ማቀዝቀዣውን ከውጭ የሚያገናኘው ሽቦ አንድ ነው፤ ሞደሙ ግን በአንድ ጎኑ ከኤሌክትሪኩ ምድር (ግራውንድ)፣ በሌላው ጎኑ ከቴሌው ምድር ይያያዛል። ሁለቱ ምድሮች የሚገናኙት በሣጥኑ ሆድ ውስጥ፣ አውራ ጣት በምታህል ትራንስፎርመር ግራና ቀኝ ነው። በሰላሙ ቀን ሁለቱም ዜሮ ናቸውና ምንም አይሰማም። ዝናብ ሲመጣ ሌላ ነው።

እንበልና ከሶዶ አናት ካለው ዳሞታ ተራራ የወረደ ደመና አንድ ሕንፃ ላይ መብረቅ ጣለ። መካከለኛ የሚባል መብረቅ 30,000 አምፔር ያህል ይሸከማል። የሕንፃው ምድር በጣም ጥሩ ነው፣ የቴሌኮም ጣቢያዎች የሚመኙትን 5 ኦም አስመዝግቧል። 30,000ን በ5 ስናባዛ 150,000 ቮልት ይመጣል፤ የሕንፃው ምድር፣ ከነወለሉና ከነብረቱ፣ ለቅጽበት ወደዚያ ይወጣል ማለት ነው። ሕንፃው ብቻውን ቢሆን ችግር አልነበረም። ሁሉም ነገር አብሮ ከወጣ ልዩነት የለም፤ ወፍ ከፍተኛ ኃይል ባለው ሽቦ ላይ ቆማ የማትሞተው ለዚህ ነው። ጣጣው የቴሌው ሽቦ ነው። እሱ ከሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ጣቢያ ዜሮውን ይዞ መጥቷል፤ ከሕንፃው ጋር አልወጣም። የ150,000 ቮልቱ ልዩነት የሚያርፈው በዚያች አውራ ጣት በምታህል ትራንስፎርመር ላይ ነው፤ የእሷ ትዕግሥት ደግሞ ጥቂት ሺህ ቮልት ነው። መብረቁ ሞደሙን አልመታውም። ሞደሙ ግን ተቃጥሏል። ያን ጊዜ አንድ ሠራተኛ ሽቦውን በእጁ ይዞ ከነበረ ድልድዩ እሱ ይሆናል።

ለዚህ ነው «ጥሩ ምድር አለን» የሚለው መልስ የማያሳርፈው። ከኦሙ ቁጥር ይልቅ የሚፈለገው ወደ ሕንፃው የሚገቡት ሁሉ አንድ ምድር መሆናቸው ነው፦ የቆጣሪው፣ የቴሌው ሣጥን፣ የጣሪያው አንቴና፣ የጀነሬተሩ፣ የመሣሪያ መደርደሪያው (የራኩ)፣ ሁሉም ከአንድ የመዳብ ዘንግ መታሰር አለባቸው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ኬ.27 የሚባለው ምክር በቴሌኮም ሕንፃዎች ውስጥ ይህን አተሳሰር የሚመለከት ነው። በተግባር ግን ነገሩ የሚበላሸው በቅን ልቦና ነው። ኮምፒውተር የሚተክለው ባለሙያ «የመብራቱን ግራውንድ አላምነውም» ብሎ ከግቢው ጀርባ የራሱን ዘንግ ይቀብርና «ንጹሕ ምድር» ይለዋል። ሁለተኛው ዘንግ ከመጀመሪያው ጋር ካልታሰረ፣ የ150,000 ቮልቱን ልዩነት በገዛ ገንዘቡ ወደ ቢሮው ጋበዘ ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ የማያሻማ አቋም አለኝ፦ አንድ ደካማ ምድር ካልተገናኙ ሁለት ጠንካራ ምድሮች ይሻላል።

ከመስመሩ መግቢያ ላይ የሚቀመጡት መከላከያዎች፣ በተለይ በጋዝ የተሞሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች፣ ሥራቸው ይኸው ማሰር ነው። በሰላሙ ቀን ሽቦውን አይነኩትም። ቮልቱ ከ230 አካባቢ ሲያልፍ (የተለመደው መጠን ይህ ነው) ውስጣቸው ያለው ጋዝ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆንና የቴሌውን ሽቦ ከሕንፃው ምድር ጋር ለቅጽበት አንድ ያደርጉታል። ዋጋቸው ከሞደሙ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። አስቸጋሪው ከእነሱ ወደ ምድር የሚሄደው ሽቦ ነው። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ አንድ ማይክሮ ሄንሪ ያህል ይቋቋማል፤ ጅረቱ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ አንድ ሺህ አምፔር ከዘለለ በያንዳንዱ ሜትር 1,000 ቮልት ይቀራል። ስድስት ሜትር ሽቦ አሳምሮ በግድግዳው ጠርዝ አዙሮ፣ ትርፉን ጠቅልሎ በናስትሮ ያሰረ ሠራተኛ መከላከያውን ግማሽ በግማሽ ሰርዞታል። አጭርና አስቀያሚ ሽቦ ይሻላል። በራሱ ጥበብ የሚኮራን ሰው ይህን ማሳመን ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችን ቋንቋ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው፦ ስፒና፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቫልቮላ፣ ናስትሮ። እያንዳንዱ ዕቃ ስሙን ይዞ በየሱቁ ተሰቅሏል፤ ልጅ ተልኮ ገዝቶ ይመጣል። ለምድር ሽቦው ግን የጸና ስም የለንም። አንዱ «ግራውንድ»፣ ሌላው «ኧርዝ»፣ ሦስተኛው «ምድር» ይላል፤ «አረንጓዴና ቢጫው» ብሎ በመልኩ የሚጠራውም አለ። ሁለት ሰዎች ስለ እሱ ሲነጋገሩ ስለ አንድ ነገር ይሁን ስለ ሁለት አይታወቅም፤ አንዳንዱም «ግራውንድ» ሲል ኑትራሉን ማለቱ ነው። ኑትራሉን ከሶኬቱ የምድር ጥርስ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘ ሰው «ግራውንድ ሠራሁ» ይላል፤ ኑትራሉ ከፖሉ ላይ የተበጠሰ ዕለት የሞደሙ፣ የራኩና የኮምፒውተሩ ብረት ሁሉ ፌዝ ሆኖ ያድራል።

ስለ አፈሩም መናገር ያስፈልጋል። የወላይታ ደጋና ወይና ደጋ አፈር በአብዛኛው ቀይ ሸክላማ ነው። በበልግና በክረምት ሲርስ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ በበጋ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ከዘንጉም ይላቀቃል። ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ሲወረድ ደረቁ ወቅት ይበረታል። በነሐሴ ተለክቶ «4 ኦም» ተብሎ ፋይል ውስጥ የገባ ዘንግ በጥር ቢለካ ሌላ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ የበልግ ነጎድጓዶች የሚመጡት ደግሞ አፈሩ ገና ደረቅ ሳለ ነው። ስለዚህ ልኬቱ በበጋ ይሁን። ጨውና ከሰል ጉድጓድ ውስጥ መጨመር የቆየ ልማድ ነው፤ ለጊዜው ቁጥሩን ያሳምራል፣ ግን ጨው በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፣ እስኪሄድም መዳቡን ይበላል። ጥልቅ ዘንግና ሁልጊዜ ጥላና እርጥበት ያለው ቦታ ይሻላል። የወላይታ ቤት ከጀርባው እንሰት አለው፤ በፍግ የዳበረውና በቅጠሉ የተሸፈነው የእንሰት ማሳ ከግቢው ሁሉ እርጥብ የሆነው አፈር ነው። መሐንዲስ ካርታ ከማገላበጡ በፊት የቤቱን እመቤት ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ይህ ይመስለኛል።

ኃይሉን በተመለከተ የሶዶ ምጸት የታወቀ ነው፦ ያን ሁሉ ሜጋ ዋት ከራሷ በላይ እያሳለፈች መብራት ይሄድባታል። ለሞደም መብራቱ ከሄደበት ይልቅ የሚመጣበት ሰዓት ያሰጋል። ሲመለስ ዘሎ ይመለሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ኑትራል ሲላላ ነው። ሦስቱ ፌዞች ሚዛናቸውን ሲያጡ አንዱ ቤት 150 ቮልት እያገኘ ሲደበዝዝ፣ ጎረቤቱ 300 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ስታቢላይዘር ይህን ሁሉ አይችለውም፤ ከወሰን ሲያልፍ ቆርጦ የሚጥል መከላከያ ያስፈልጋል። ሞደሙን፣ የውኃ ማፍያውንና የእንግዳውን ስልክ ቻርጀር በአንድ ዲቫይደር ላይ መደርደር፣ የተቃጠለ ቫልቮላ በሽቦ ጠምጥሞ መመለስ፣ የስፒናውን የምድር ጥርስ ሶኬቱ አልቀበል አለ ብሎ መስበር፣ እነዚህን አብራርቼ ጊዜ አላጠፋም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያደርገዋል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የ48 ቮልቱ ጉዳይ ነው። በቴሌ ጣቢያዎችና በትላልቅ ራኮች ሞደሙ የሚበላው ከባትሪ የሚመጣ 48 ቮልት ዲሲ ነው፤ በዚህ ሥርዓት ምድር ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ምክንያቱ የቆየ ነው፦ ሽቦው ከምድር ይልቅ ኔጋቲቭ ከሆነ እርጥበት መዳቡን ቶሎ አይበላውም። በገጠር ቀበሌዎች የሶላር መብራት እየተከለ ያደገ ጎበዝ ባለሙያ ግን ቀዩን ሕያው፣ ጥቁሩን ምድር አድርጎ ነው የሚያውቀው፤ መኪናውም፣ ሶላሩም እንደዚያ ነውና። ራኩ ውስጥ ያንኑ ካደረገ ባትሪውን በአጭሩ አገናኘው ማለት ነው። 48 ቮልት ሰውን ብዙም አይነዝርም፤ ባትሪው ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል። የጋብቻ ቀለበት ወይም የሰዓት ማሰሪያ በሁለቱ ጫፎች መካከል ቢገባ ግሎ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። ባትሪ ክፍል ሲገባ ቀለበት ማውለቅ ለዚህ ነው። ክፍሉ መስኮት እንዲኖረውም ይፈለጋል፤ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይለቃልና።

ተከላው ሲጀመር ቅደም ተከተሉ አጭር ነው። ምድሩ ከሁሉ ቀድሞ ይታሰራል፣ ቀጥሎ መስመሩ፣ ኃይሉ መጨረሻ። ሲነቀል በተገላቢጦሽ፣ ምድሩ ከሁሉ ኋላ። ክዳኑን ለመክፈት ኃይሉን መንቀል አይበቃም፤ የቴሌው ሽቦ የራሱን ቮልት ይዞ ይመጣልና እሱም ይነቀላል። «ስልክ ሽቦ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው የስልክ ጥሪ 75 እስከ 90 ቮልት ኤሲ እንደሆነ አልሰማም። በረጅም መስመር ላይ ያሉ ማጠናከሪያ መሣሪያዎች ከጣቢያው የሚላክላቸው ኃይል ደግሞ ከ100 ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ ጥንድ ሲቀበሉ ቴስተሩ መጀመሪያ ቮልት ላይ ይሁን፤ ባዕድ ቮልት ካለ ጥንዱ የሌላ ሰው ነው ወይም ከመብራት ሽቦ ጋር ተነካክቷል። መስመሩ ንጹሕ ከሆነ ማዶ ያለው ባልደረባ ሁለቱን ጫፍ ያገናኝና ኦሙ ይለካል። 0.4 ሚሊ ሜትር ሽቦ ደርሶ መልስ በኪሎ ሜትር 280 ኦም ያህል ነው። 840 ካሳየ 3 ኪሎ ሜትር ርቀናል፤ ሙሉውን 2.3 ሜጋ ቢት ለማግኘት ይህ ዳርቻው ነው። 1,400 ካሳየ ሞደሙን መወንጀል ዋጋ የለውም።

ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት መስመር አይነካም። ብልጭታው ታይቶ ድምፁ እስኪሰማ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ካቢኔቱ ይዘጋል፣ ካቻቪቴው ኪስ ይገባል። ሶዶ ላይ ከሰዓት በኋላ ሥራ የያዘ የመስመር ሠራተኛ ዳሞታን ቀና ብሎ ማየት ይበቃዋል። አለቃው «ባንኩ ቆሟል፣ ቶሎ በል» እያለ በስልክ ሲጮህበት ግን ተራራውን ማን ያያል? የዚህ ሥራ ደኅንነት ከመሣሪያው ይልቅ በዚያች የስልክ ጥሪ የሚወሰንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንዴ ከተተከለ በኋላ ሞደሙ ብዙ አይጠይቅም። ከሁለቱ አንዱ ሰዓቱን ይመራል፣ ሌላው ይከተላል፤ ሁለቱም መሪ ከሆኑ መስመሩ የሚሠራ እየመሰለ መረጃው ይንሸራተታል። መስመሩን ለመፈተን ምልክቱን ከማዶ ወደ ራሱ የሚመልሰው «ሉፕ» ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ነገር ግን ሳይነሳ ይረሳል፤ ቅርንጫፉ ግማሽ ቀን የሚያወራው ከራሱ ጋር ይሆናል። በክረምት በየመገጣጠሚያው ውኃ ሲገባ ሞደሙ መስመሩን ደጋግሞ ይጥላል፣ ደጋግሞ ያነሳል። ያን ጊዜ ነቅሎ መሰካት የሁሉም መፍትሔ ነው፤ አንዳንዴም ይሠራል፣ ስለሚሠራም መገጣጠሚያው ሳይጠገን መስከረም ይጠባና የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ይከበራል። ግቢ ሰፊ በሆነባቸው እንደ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች ደግሞ ሞደሙ ካለበት ሕንፃ ወደ ሌላው የሚሳበው የኔትወርክ መዳብ የሁለቱን ምድር ጣጣ እንደገና ይወልደዋል፤ በሕንፃና በሕንፃ መካከል ፋይበር ይሁን የሚባለው ለፍጥነት ብቻ አይደለም።

ፋይበር ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል፣ በሶዶም እንደ ሌሎቹ ከተሞች እየገባ ነው። ብርጭቆ ጅረት አያስተላልፍም፣ የሩቁን ዜሮም ይዞ አይመጣም። የራሱ ነገር ግን አለው፦ ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፣ ስለዚህ ጫፉን ወደ ዓይን አቅርቦ «ይሠራል?» ብሎ ማየት ክልክል ነው። ሲቆረጥ የሚወድቀው ስባሪ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ከገባ አይገኝም። በፖል ላይ የሚሰቀለውም ብዙውን ጊዜ የብረት ገመድ ታቅፎ ነው፤ ብረቱ መብረቅን እንደ መዳብ ይጠራልና እሱም በመግቢያው ላይ መታሰር አለበት።

ፋይበሩን የዘረጉት ሰዎች አዲሱን ሣጥን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ አስፈርመው ይሄዳሉ። አሮጌው ሞደም ከነአቧራው ጥጉ ላይ ይቀራል፤ መብራቱ ጠፍቷል፣ ስፒናው ግን እንደተሰካ ነው። ከኋላው ያለው ጥንድ መዳብም በመስኮቱ ጠርዝ ወጥቶ፣ በፖሉ ላይ አልፎ እስከ ጣቢያው እንደተዘረጋ ነው። መረጃ አይልክም፣ ኪራይም አይከፈልበትም፣ ከማንም ዝርዝር ላይ የለም። ነቅሎ የሚጠቀልለው የቴሌው ሰው ይሁን የመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ነገር ስለሌለ፣ በሚቀጥለው በልግ መብረቁ ሲመጣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል።